ያገለገለ ባለሁለት ግሩፕ የቡና ማሽን፦ በሃያ ስድስት ዓመቴ ገዝቼ ከአንድ ዓመት ከሰባት ወር በኋላ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው አንድ ዕቃ ነው፤ እርሱም በጣሊያን አገር የተሠራ፣ ባለሁለት ግሩፕ፣ ማለትም ቡናው የሚወጣበት ራስ ሁለት የሆነ፣ እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ቢያንስ ሁለት ባለቤቶችን ያገለገለ የማኪያቶ ማሽን ነው። የገዛሁት በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነበር፤ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሦስት ዓመት ልደፍን ጥቂት ሳምንታት ቀርተውኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በቡና መሸጫዬ ውስጥ ከእሑድ በስተቀር በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሠራ ቆይቷል፣ አንድ ጊዜ በአይሱዙ ተጭኖ ሰፈር ቀይሯል፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ ሆዱ ተከፍቶ ተጠግኗል። የአምራቹን ስም ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሠራ ዕቃ ለሚያሳየው ድካም አምራቹን መውቀስ ተገቢ አይደለም፣ ከዚህ በታች የምጽፈውም አብዛኛው ለአንድ ስም ሳይሆን ለዚህ ዓይነት ማሽን ሁሉ የሚሠራ ነው።

ጽሑፉን እንድጽፍ ያደረገኝ በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ቡና ሊጠጡ መጥተው፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ሲጀመር «ማሽኑ ስንት ያወጣል?» ይላል፣ ሲያበቃ ግን «ሥራዬን ልልቀቅ ወይ?» ሆኖ ያርፋል። ሁለተኛውን ለመመለስ እኔ ማን ነኝ። ነገር ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ሰውን በእርግጥ የሚያከስረው የትኛው ወጪ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ አስደንግጦ ብቻ የሚያልፍ እንደሆነ ከማሽኑ ጋር ስኖር ስለተማርኩ፣ ስለ ዕቃው በዝርዝር ብናገር ለሁለቱም ጥያቄ የሚሆን ነገር ይገኝበት ይሆናል።

የተገዛበት ዋጋ 240,000 ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ 70,000 ብር የእኔ ቁጠባ፣ 50,000 ብር አብራኝ ሥራውን የጀመረችው ጓደኛዬ ያወጣችው፣ የቀረው 120,000 ብር ደግሞ የዕቁብ ገንዘብ ነው። ዕቁቡ ሃያ አራት ሰዎች በወር አምስት አምስት ሺህ ብር የሚጥሉበት ሲሆን፣ እኔና ጓደኛዬ አንዱን ዕጣ እኩል ተካፍለን ገብተን በሦስተኛው ወር ወጣልን። ዕቁብ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ለደረሰው ሰው ወለድ የሌለው ብድር ነው፣ መጨረሻ ላይ ለደረሰው ደግሞ ቁጠባ ነው፤ የትኛው እንደሚሆንልህ አስቀድሞ የሚነግርህ ግን የለም። ቀሪዎቹን ሃያ አንድ ወራት ሳናዛንፍ ለመጣል አጎቴ ዋስ ሆነልን። እናቴ ይህን ስትሰማ «አንቺ ልጅ፣ ደመወዝ እያለሽ ዕዳ ትገዣለሽ?» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ስለ ጉዳዩ ቃል አልተነፈሰችም፣ ዝምታዋም ከንግግሯ የከበደ ነበር።

ለእናቴ በቃል መልስ ስላልነበረኝ በወረቀት አዘጋጀሁላት። ማሽኑን ከመግዛቴ በፊት ለሦስት ደላሎች የዕቃውን ፎቶግራፍ አሳይቼ፣ ገዢ መሆኔን ሳልናገር፣ «በአስቸኳይ ብሸጠው ስንት ያመጣልኛል?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ያገኘሁት መልስ ከ190,000 እስከ 210,000 ብር ነበር። ስለዚህ ገዝቼ በማግስቱ ብጸጸት የማጣው ከ30,000 እስከ 50,000 ብር ነው፤ ይህም በጊዜው ከአራት ወር ደመወዜ የሚበልጥ አልነበረም። በዚያው ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ብመዘገብ ኖሮ ከዚያ የሚበልጥ እከፍል ነበር፣ ትምህርቱን ደግሞ ለማንም መልሼ ልሸጠው አልችልም። እናቴ ወረቀቱን አንብባ መሶቡ ላይ አስቀመጠችው። አላመነችበትም፣ ግን አልቀደደችውም።

አሁን ወደ ዕቃው። ግሩፑ ባለሙያዎች «ኢ61» የሚሉት ዓይነት ነው። ይህን ግሩፕ ፋኤማ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ በ1961 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን፣ ስሙንም ያገኘው በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ የካቲት ወር በጣሊያን ሰማይ ላይ ከታየው የፀሐይ ግርዶሽ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት የታወቁ ማሽኖች ውሃውን በቡናው ውስጥ የሚገፉት ሠራተኛው ጎትቶ በሚለቀው ዘንግና ስፕሪንግ ነበር፤ ኢ61 ይህን ሥራ ለኤሌክትሪክ ፖምፓ ሰጠው፣ ግፊቱም 9 ባር ገደማ ላይ ጸና። ከዚህ በተጨማሪ ከቦይለሩ፣ ማለትም ውሃው ከሚሞቅበት ጋን፣ የሚነሣ ሙቅ ውሃ በግሩፑ ውስጥ ያለማቋረጥ እየዞረ ብረቱን ያሞቀዋል፣ ቡናውም ሙሉ ግፊት ከመምጣቱ በፊት ለጥቂት ሰከንድ በቀስታ ይረጥባል። እያንዳንዱ ግሩፕ ክሮም የተቀባ የአራት ኪሎ ገደማ ነሐስ ነው። ዛሬ ይህን ግሩፕ በርካታ አምራቾች ይሠሩታል፣ በመሆኑም ጎሚኒው (ውሃ በጎን እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ)፣ ማጣሪያው፣ ስፕሪንጉ ከየትም ማሽን ወደ የትም ማሽን ይገባል። ይህን ዕቃ እንድመርጥ ያደረገኝ አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው። መለዋወጫው በአንድ አስመጪ እጅ ብቻ ያለ ማሽን ቢያምርም የባለቤቱ አይደለም።

የነሐሱ ክብደት በረከትም ዕዳም ነው። በረከቱ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ሃያ ማኪያቶ ተከታትሎ ቢወጣ እንኳ የመጨረሻው ስኒ ሙቀት ከመጀመሪያው እምብዛም አይለይም። ዕዳው ደግሞ ማሽኑ ከበራ በኋላ በትክክል ለመሞቅ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይወስድበታል። ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ግፊት ስለሚያሳይ አዲስ ሰው ይታለላል፤ ያ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከውሃው በላይ ታፍኖ የቀረ አየር ነው፣ የእንፋሎቱን ቧንቧ ከፍተው ቢያስተነፍሱት መርፌዋ ወደ ዜሮ ትወርዳለች። በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ባለማወቄ ለጠዋት ደንበኞቼ ያቀረብኩት ቡና ኮምጣጣ ነበር፣ ከመካከላቸው አንድ የታክሲ ሾፌር ስኒውን ከፍ አድርጎ አይቶ «ሎሚ ጨምረሽበታል?» ሲለኝ በቦታው ያለው ሁሉ ሳቀ። አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አበራዋለሁ፣ እስኪሞቅ ድረስ ስኒ እደረድራለሁ፣ መፍጫውን እጠርጋለሁ።

ስለ ከፍታ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ማሽን ሻጭ የሚያወራው ነገር አይደለም፣ የመመሪያው መጽሐፍም አያነሣውም። መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ጠለል ለቀረበ አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ለኤስፕሬሶ የሚመከረው የውሃ ሙቀት ደግሞ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው። እንግዲህ ለቡናው የሚስማማው ውሃ ወደ ውጭ በወጣ ቅጽበት እዚህ ይፈላል ማለት ነው፤ ማጣሪያ ሳይገባ እጀታውን ከፍ ስታደርጉ ግሩፑ ፍስስ እያለ የሚተፋው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ስለተበላሸ አይደለም። ሁለተኛው ነገር ጌጁ ነው። ጌጁ 1 ባር ሲያሳይ ሚላኖ ላይ በቦይለሩ ውስጥ ያለው ሙቀት 120 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ በውጭ ያለው አየር እኛ ዘንድ ስለሚሳሳ እዚህ ተመሳሳዩ 1 ባር 116 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። መርፌዋ አንድ ቦታ ቆማ ሙቀቱ ግን ያንሳል። የጥገና ባለሙያው ግፊቱን ወደ 1.2 ባር ከፍ ሲያደርግልኝ ወተቱ የሚያነሣው አረፋ ሐር መሰለ፣ ቡናውም ጣፈጠ። ለአንድ ወር ተኩል ያህል የቡናውን አቆላል፣ የወተቱን አቅራቢ፣ የራሴን እጅ ስጠረጥር የቆየሁበት ጉዳይ በአንድ ብሎን ሩብ ዙር ተፈታ።

ስለ ጉድለቱ ስናገር ከሻጩ መጀመር ይኖርብኛል፣ ስሙን ግን አላነሣም። ሻጩ «ጎሚኒው አዲስ ነው፣ ፖምፓውም ተቀይሯል» ብሎኝ ነበር። ጎሚኒው እውነት ነው። ፖምፓው ግን በሦስተኛው ሳምንት እንደ ወፍጮ ይጮኽ ጀመር፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ፈጽሞ ቆመ። ማሽኑን የሚጠግኑልኝ፣ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን በዚህ ሙያ ያሳለፉ አዛውንት፣ ጎኑን ፈትተው በባትሪ ካዩት በኋላ «ልጄ፣ የዚህ ፖምፓ የተቀየረው ቀለሙ ብቻ ነው» አሉኝ። በጣታቸው ጥፍር ፋቅ ሲያደርጉት ከብርማው ቀለም ሥር የቆየው አረንጓዴ ዝገት ታየ። «ጋሼ፣ ስንት ያስወጣኛል?» አልኳቸው። ዕቃውና የእጃቸው ዋጋ ተደምሮ 28,000 ብር ሆነ። ስገዛ ካወጣሁት ስሌት ውስጥ ለጥገና ያስቀመጥኩት 10,000 ብር ስለነበር፣ የወረቀቱ ስሌት በመጀመሪያው ወር ፈረሰ። ዛሬ ለሚገዛ ሰው የምመክረው ከማሽኑ ዋጋ ቢያንስ አሥራ አምስት ከመቶውን ለጥገና እንዲያስቀምጥ፣ ካልተነካም እሰየው እንዲል ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከውሃ የመጣ ነው። ውሃው በያዘው ማዕድን ምክንያት ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በቦይለሩ ውስጥም ይጋገራል፤ ውሃውን የሚያሞቀውን ሬዚስታንስ ይለብሰዋል፣ ቀጫጭን ቱቦዎችን ያጠብባል፣ በተለይም ውሃው ከጉድጓድ የሚመጣ በሆነበት ሰፈር። የቀድሞው ባለቤት የውሃ ማጣሪያ ሳይጠቀም ስለኖረ በአሥረኛው ወር አንደኛው ግሩፕ ውሃ ማውጣት እየቀነሰ ሄደ፣ ሲከፈትም ቱቦው የእስኪሪብቶ ቀፎ ያህል እንኳ ቀዳዳ አልቀረውም ነበር። በእኔ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ማሽኑ የሚጠጣው ከሮቶ ነው፤ ሮቶው ከማሽኑ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ ፖምፓው ውሃን መግፋት እንጂ ከታች መሳብ አይሆንለትምና። ይህን ስጽፍ ቀላል ይመስላል፤ ለሮቶው ብረት መቆሚያ ለማስበየድ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሱቁን ዘግቻለሁ።

ሦስተኛው መብራት ነው፣ እርሱ ላይ ደግሞ ማሽኑ ምንም መከላከያ የለውም። ይህ ማሽን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በትንሽ ጄኔሬተር አይነሣም፣ የሚያነሣው ጄኔሬተር ደግሞ የማሽኑን ግማሽ ዋጋ ይጠይቃል። መብራት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ቢሄድ የሚጠፋው አንድ ሰዓት አይደለም፤ ነሐሱ ቀዝቅዞ እንደገና እስኪሞቅ ሲጨመርበት ጠዋቱ በሙሉ ይሄዳል። ዛሬ እንደ አዲስ ብገዛ ምናልባት በእጅ የሚጎተተውን የድሮውን ዓይነት እመርጥ ነበር፤ እርሱ ፖምፓ ስለሌለው በቂ የውሃ ግፊት ካለና ቦይለሩ በጋዝ የሚሞቅ ከሆነ ያለ መብራት ይሠራል። ዳሩ ግን ክንድ ይፈልጋል፣ እጀታው ሲያመልጥ አገጭ ይመታል፣ መለዋወጫውም እንደ ኢ61 በየቦታው አይገኝም። መብራት በጠፋበት ቀን ስኒዎቹን አሰልፌ፣ ጀበና ጥጄ ከሰል ላይ አፍልቻለሁ። ደንበኞቼ ከማኪያቶው ይልቅ ያንን ቀን ያስታውሱታል፣ ለእኔ ግን የኪሳራ ቀን ነው።

ወደ ገንዘቡ ስመለስ፣ ከአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና በስምንት ግራም ሒሳብ 125 ስኒ ይወጣል ይባላል፤ መፍጫው ጠዋት እስኪስተካከል የሚደፋው፣ የሚፈሰው፣ «ጠቆር አድርጊው» ተብሎ የሚጨመረው ሲቀነስ እኔ የማገኘው ከ105 እስከ 110 ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እኔም ጓደኛዬም አንድ ብር አልወሰድንም። ሁለታችንም ከቀድሞ ደመወዛችን ጥቂት የሚበልጥ ገንዘብ የወሰድነው በስምንተኛው ወር ነው። በዚህ መካከል የምበላው እናቴ ቤት ነበር፣ የማድረውም እዚያው፤ ይህን ደብቆ «ደፍሬ ተሳካልኝ» ማለት ሐሰት ይሆናል። እናቴ ዕዳ መግዛቴን ብትቃወምም የዕዳውን ወለድ በምሳና በእራት የከፈለችው እርሷ ናት።

ማሽኑን ከገዛሁ ከሁለት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሲወጣ፣ እኔ በ240,000 ብር የገዛሁትን የሚመስል ማሽን ደላሎቹ በመስከረም 350,000 ብር ይሉት ጀመር። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ብልጥ ነሽ» ይለኛል። ብልጠት አልነበረም፤ ስለ ምንዛሪው አላውቅም ነበር፣ ዕጣው በሦስተኛው ሳይሆን በስምንተኛው ወር ቢወጣ ኖሮ ያው ገንዘብ ማሽኑን አይገዛም ነበር። የጎሚኒውና የፖምፓው ዋጋም አብሮ ስለወጣ፣ በአንድ እጄ የሰጠኝን በሌላው ወስዶብኛል። እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው ይህን ያህል ነው፦ ዋጋው ሲወርድም ሲወጣም ማሽኑ ሊሸጥ የሚችል ዕቃ ሆኖ ቆይቷል።

ይህ ባሕርዩ በሁለት አጋጣሚ ተፈተነ። የመጀመሪያው በየካቲት 2017 ዓ.ም. ጓደኛዬ ዱባይ በባሪስታነት ሥራ አግኝታ ለመሄድ ስትወስን ነው። አልተጣላንም፤ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር፣ ዕድሉ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ በር የሚያንኳኳ አልነበረም። ችግሩ ማሽን ለሁለት የማይከፈል መሆኑ ነው። በተገዛበት ዋጋ ብናሰላው እርሷ ትጎዳለች፣ በገበያው ዋጋ ብናሰላው እኔ የሌለኝን ገንዘብ እከፍላለሁ፤ የጽሑፍ ውል አልነበረንም፣ «እኛ እኮ እህትማማች ነን» ብለን ነበር የጀመርነው። በመጨረሻ ማሽን ጠጋኙን ጋሼን ዳኛ አድርገን፣ የሁለቱን ዋጋ አማካይ 295,000 ብር ይዘን፣ ድርሻዋን በአሥር ወር ከፍዬ ልጨርስ ተስማማን። እስከ ዛሬ ከዚያ እየደወለች ማሽኑን በስሙ ትጠይቃለች፤ «ሽማግሌው ደኅና ነው?» ትላለች። ሁለት ሆናችሁ የምትገዙ ከሆነ፣ አንዳችሁ ስትለዩ ማሽኑ በምን ዋጋ እንደሚሰላ ገና በገዛችሁበት ቀን በአንድ ገጽ ላይ ጻፉትና ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ሁለተኛው አጋጣሚ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መጣ። የሱቁ ባለቤት እትዬ አንድ ቀን ማለዳ መጥተው፣ መንገዱ ስለሚሰፋ የቤቱ ፊት እንደሚነሣ፣ ሁለት ሳምንት እንዳለኝ ነገሩኝ። «ልጄ፣ እኔም እንደ አንቺ ገና ትናንት ነው የሰማሁት» አሉኝ፤ ያልተበላውን የሁለት ወር ቅድሚያ ኪራይ ደግሞ ሳልጠይቃቸው መለሱልኝ። እዚያ ሱቅ ላይ ለሴራሚክ፣ ለኮርኒስ፣ ለባንኮኒውና ለመብራት ዝርጋታው 85,000 ብር አውጥቼ ነበር። ከዚህ ሁሉ ይዤ የወጣሁት ባንኮኒውን ብቻ ነው፣ እርሱም አዲሱ ቤት ስለጠበበው ከጫፉ ተቆርጧል። ማሽኑ ግን ውሃው ተቀድቶ፣ ሁለት ቱቦና አንድ ገመድ ተነቅሎ፣ አራት ሰው ተሸክሞት አይሱዙ ላይ ሲወጣ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ጊዜ ፈጀ። በአራተኛው ቀን በሌላ ሰፈር ቡና ያፈላ ነበር። ሴራሚኩ ሲሰባበር ቆሜ እያየሁ የገባኝ ነገር፣ ስጀምር እንቅልፍ የነሣኝ 240,000 ብሩ እንደነበረ፣ 85,000 ብሩን ግን «ይህማ የማይቀር ወጪ ነው» ብዬ ሳላስብበት እንዳወጣሁት ነው። የፈራሁት ወጪ የሚነቀለውን ነበር፣ ያልፈራሁት የማይነቀለውን። በሃያዎቹ ዕድሜያችሁ ነገ የት እንደምትሆኑ ሳታውቁ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ፣ በኪራይ ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ቀንሱ፣ ነቅላችሁ ልትሄዱ የምትችሉት ላይ ጨክኑ።

ማሽን ሊገዛ የሚሄድ ሰው ቀዝቃዛ ማሽን እንዲያይ፣ ሙቅ ማሽን ካሳዩት እንዲጠረጥር እመክራለሁ። ከዜሮ ጀምሮ ሲሞቅ አብሮ ይቀመጥ፤ አርባ አምስት ደቂቃ የማያስቀምጥ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው። ሲሞቅ የደኅንነት ቫልቩ ያለ ጊዜው ያተነፍስ እንደሆነ ይይ፣ ፖምፓውን ከቀለሙ ሥር ፋቅ አድርጎ ያጣራ፣ ከሁለቱም ግሩፕ እኩል ሰከንድ ውሃ በስኒ ቀድቶ መጠኑን ያወዳድር፤ አንዱ ካነሰ ውስጡ ተጋግሯል። ገንዘቡ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ከማሽኑ ቀንሶ ለመፍጫው ይጨምር። መካከለኛ ማሽን ከጥሩ መፍጫ ጋር የሚጠጣ ቡና ያወጣል፣ የተገላቢጦሹን ግን ሞክሬው አልሆነም።

ይህን ማሽን እንዲገዛ የማልመክረውም ሰው አለ። ደመወዙ ታናናሾቹን የሚያስተምር፣ ወይም ሦስት ወር ያለ ገቢ ቢቀር የሚያድርበት ቤት የሌለው ሰው፣ ዕድሜው ሃያ ሁለትም ቢሆን የእኔ ስሌት ለእርሱ አይሠራም፤ የእኔ ወረቀት ላይ ያልተጻፈው ትልቁ ቁጥር የእናቴ ቤት ነበር። እንዲህ ላለ ሰው መጀመሪያ በሌላ ሰው ማሽን ላይ በባሪስታነት ስድስት ወር መሥራት ይሻለዋል፤ ጓደኛዬ ከእኔ በፊት ያንን ስላደረገች ነው ወተት ማንሣት ያስተማረችኝ።

ባለፈው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመት የሆነው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ወጣት መጥቶ ከሥራ ሰዓት በኋላ ማሽኑን እንዲሞክር ጠየቀኝ። ፈቀድኩለት። የመጀመሪያው ስኒ በስምንት ሰከንድ ፈስሶ አለቀ፣ ሁለተኛው ፈጽሞ አልወርድ አለ፣ አራተኛው ሃያ ስድስት ሰከንድ ላይ እንደ ማር እየቀጠነ ወረደ። ጠጥቶት ዝም አለና «ቢበላሽብኝስ?» አለኝ። የደረሰኝ ጀርባ ላይ የጋሼን ሱቅ አቅጣጫ ጻፍኩለት፤ ከሥሩም የጎሚኒውን ልክ ጨመርኩ፦ ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር፣ ግሩፑ ያረጀ ከሆነ 8.5።